የኤሌክትሪክ ምጣድና የወጥ ቤት ዕቃዎች መስመር ዝርጋታ፦ ደረጃውን የጠበቀ አሠራርና የሕግ ተጠያቂነት

ብዙ መኖሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋላቸው የሚታሰበው አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ሲበዛም የልብስ ካውያ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከእነዚህ የተለየ ጭነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ሲሆን፣ በጋገራ ቀን ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይሠራል። የውኃ ማፍያ ጀበና 2 ኪሎዋት ቢስብም ሥራውን በጥቂት ደቂቃ ስለሚጨርስ ሽቦው በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። ከዚህ የተነሳ በወጥ ቤት ዝርጋታ ላይ የሚነሳው የደረጃም ሆነ የተጠያቂነት ጥያቄ በአመዛኙ የሚወሰነው ምጣዱ በየትኛው መስመር ላይ እንደተገጠመና ያንን መስመር ማን እንደሠራው በሚያሳየው ማስረጃ ነው። ይህ መመሪያ ቤት ለሚያሠሩ፣ ለሚያከራዩና ለሚከራዩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የሽቦውን ሥራ የሚሠራው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ቢሆንም፣ አሠሪው ምን መጠየቅና ምን መቀበል እንዳለበት ካላወቀ ባለሙያ መቅጠሩ ብቻውን አያድነውም።

1. ባለሙያውንና ደረጃውን መለየት

በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ማዕቀፍ መሠረት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሠሩ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል። ማረጋገጫውን የሚሰጠው ቀድሞ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ አሁን ደግሞ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃይል የሚያቀርብና ቆጣሪ የሚያስገባ ድርጅት ሲሆን፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የደንበኛው ንብረት ነው፤ ጉድለቱም በመጀመሪያ ደረጃ የደንበኛው ጉዳይ ይሆናል። በቴክኒክ በኩል መነሻው የኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከተው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ፣ ማለትም ኢቢሲኤስ-10 ነው። ባለሙያዎች ከእርሱ ጎን ለጎን የዓለም አቀፉን የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60364 ደረጃ ይጠቀማሉ።

ሠራተኛውን ከመቅጠርዎ በፊት የብቃት ማረጋገጫውን ቅጂ ይቀበሉ፤ ቁጥሩንም በውሉ ላይ ያስፍሩ። «ሰፈር ውስጥ ሁሉም የሚያሠሩት እሱን ነው» የሚለው ምስክርነት ለችሎታው ይጠቅም ይሆናል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ጥቅም የለውም።

2. ጭነቱን ማስላት

የቤቱ አቅርቦት በአንድ ፌዝ (ኮረንቲ በሚያመጣ አንድ ሽቦ) 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። የአንድ ዕቃ አምፔር የሚገኘው በላዩ የተጻፈውን ዋት ለ220 በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር፣ 4 ኪሎዋት ምጣድ 18 አምፔር ያህል፣ አራት ዓይንና ፈርኖ ያለው 7 ኪሎዋት ምድጃ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢበራ 32 አምፔር ያህል ይስባል። ፍሪጅ ከአንድ አምፔር ብዙም አይርቅም፤ ማይክሮዌቭና የውኃ ማፍያ ከ6 እስከ 10 አምፔር ይወስዳሉ።

በዚህ ደረጃ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት የዋናውን አቅርቦት አቅም ነው። ምጣዱና ምድጃው አብረው ቢሠሩ እስከ 11 ኪሎዋት፣ ማለትም በአንድ ፌዝ 50 አምፔር ይጠይቃሉ። ለቤቱ የተፈቀደው ኃይል ይህን የማይችል ከሆነ መፍትሔው ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የኃይል ማሳደጊያ ጥያቄ ማቅረብ ነው። የቆጣሪውን ብሬከር፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ ሲያልፍበት ወድቆ መስመሩን የሚያጠፋውን መሣሪያ፣ በትልቅ መቀየር ወይም ቆጣሪውን አልፎ መቀጠል ደረጃን ከመጣሱም ሌላ በሕግ የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው።

3. ለምጣዱ የራሱን መስመር መስጠት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጸም ቢሆን ይህ እንዲሆን እመርጣለሁ። ምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነስቶ በመካከል ሌላ ሶኬትም አምፖልም ሳይቀጠልበት በቀጥታ የሚደርስ የራሱ መስመር፣ በመስመሩም ራስ ላይ የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

መርሁ አጭር ነው። ዕቃው የሚስበው አምፔር ከብሬከሩ መጠን መብለጥ የለበትም፤ የብሬከሩ መጠንም ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው መብለጥ የለበትም። በግድግዳ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ እንደ ግድግዳውና እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ከ20 እስከ 24 አምፔር ያህል ይችላል፤ ባለ 4 ካሬው ከ26 እስከ 32 ያህል፣ ባለ 6 ካሬው ደግሞ ከ34 እስከ 41 ያህል ይሸከማል። ብዙ ሽቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከታጨቀ እነዚህ ቁጥሮች ይቀንሳሉ። ስለዚህ ለ4 ኪሎዋት ምጣድ ባለ 4 ካሬ ሽቦና 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ ለ7 ኪሎዋት ምድጃ ደግሞ ባለ 6 ካሬ ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ተገቢ ምርጫ ነው። ባለ 2.5 ሽቦ ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር ምጣዱን በስሌት ሊያስኬድ ይችላል፤ ሆኖም ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ጭነት ምንም ትርፍ ስለማይተው አልመክረውም።

«ብሬከሩ ካልወደቀ ችግር የለም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። በቤት ብሬከሮች ደረጃ መሠረት አንድ ብሬከር ከተጻፈበት መጠን 1.13 እጥፍ ቢጫንበት ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይወድቅ እንዲቆይ፣ 1.45 እጥፍ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወድቅ ሆኖ ነው የሚሠራው። እንግዲህ 18 አምፔር የሚስብ ምጣድ በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ቢቀመጥ ብሬከሩ አይወድቅ ይሆናል፤ ሶኬቱና መሰኪያው ግን የተሠሩት ለ16 አምፔር ስለሆነ ጋገራው እስኪያልቅ ይግላሉ። የቀለጠና የጠቆረ መሰኪያ የሚታየው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ብሬከሩ በተደጋጋሚ ስለወደቀ ብቻ በባለ 2.5 ሽቦ ራስ ላይ 32 አምፔር ብሬከር መተካት ነው፤ ይህ ብሬከር 36 አምፔር እየተሳበበት ለሰዓት ሊቆይ ሲችል፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ከአቅሙ በላይ ይሞቃል። እሳት የሚነሳው ማንም በማያየው ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በማገናኛ ሳጥን ውስጥ ነው።

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ በግቢው ጥግ የተሠራ ከሆነ ርቀቱም ይቆጠራል። በ30 ሜትር ርቀት ላይ ላለ 4 ኪሎዋት ምጣድ ባለ 2.5 ሽቦ 10 ቮልት ያህል ሲያጎድል፣ ባለ 4 ካሬው 6 ቮልት ያህል ያጎድላል። የምጣድ ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚወርድ፣ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 190 ቮልት ከሆነ 4 ኪሎዋት የተባለው ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በታች ይሠራል፤ እንጀራው ዓይን አላወጣም እየተባለ ሊጡ የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በግቢ የሚያልፍ ሽቦ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን ለውጭ አገልግሎት በተሠራ ኬብል፣ መሬት ውስጥ ከሆነም በቱቦና በበቂ ጥልቀት ሊቀበር ይገባል።

ኤክስቴንሽን ለምጣድ ፈጽሞ አይፈቀድም።

4. የመሬት ሽቦና የኮረንቲ ፍሳሽ መቁረጫ

ብሬከር የተሠራው ሽቦን ከመጋየት ለማዳን ነው፤ ሰውን ከኮረንቲ ለማዳን አይበቃም። በሰው አካል በኩል የሚያልፍ ጥቂት አስር ሚሊ አምፔር ሊገድል ሲችል፣ ብሬከሩ ግን ያንን ጨርሶ አያውቀውም። ለሰው የሚያስፈልገው ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው፣ በገበያ አር.ሲ.ዲ. ወይም አር.ሲ.ሲ.ቢ. የሚባለው መሣሪያ ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። የመሬት ሽቦው ከምጣዱ ቆርቆሮ የሚፈስሰውን ኮረንቲ መንገድ ይሰጠዋል፤ መቁረጫው ደግሞ በፌዝ የሄደው በኒውትራል፣ ማለትም በመላሹ ሽቦ፣ እንዳልተመለሰ አውቆ በቅጽበት ያጠፋል።

የመሬት ሽቦው የሚያያዝበት የብረት ዘንግ የተቀበረበት ቦታ ርጥበት ያለው መሆን አለበት፤ ተቃውሞውም (ኮረንቲ ወደ መሬት እንዳይፈስ የሚያግደው መጠን) በመለኪያ ይረጋገጣል። ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ 10 ኦምና ከዚያ በታች ለማድረስ ይጥራሉ። በድንጋያማ ቦታ አንድ ዘንግ ስለማይበቃ ሁለትና ሦስት ዘንግ ተራርቀው ተቀብረው ይያያዛሉ። የውኃ ቱቦን እንደ መሬት ሽቦ መጠቀም የቆየ ልማድ ቢሆንም መቆም አለበት፤ ቧንቧው በየመካከሉ በፕላስቲክ እየተተካ በመሆኑ መሬት ላይደርስ ይችላል፤ ከዚያ ሲያልፍ የጎረቤትን ቧንቧ በኮረንቲ ይሞላል። ኒውትራሉንና የመሬት ሽቦውን በሶኬቱ ውስጥ አገናኝቶ «ኧርዝ አለው» ማለት ደግሞ ማታለል ነው፤ ኒውትራሉ ከበስተኋላ የተቋረጠ ዕለት የምጣዱ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል።

አዲስ የተገጠመ መቁረጫ ምጣዱ በተከፈተ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ፣ አውጥቶ መጣል ሳይሆን ምጣዱን መፈተሽ ነው የሚገባው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ርጥበት የገባበት ወይም ቆርቆሮ የነካ የማሞቂያ ሽቦ ነው፤ መቁረጫው የተገዛለትን ሥራ እየሠራ ነው።

የቤቱ አቅርቦት ሦስት ፌዝ ከሆነ ጭነቱ በሦስቱ ላይ ይደልደል። የጋራው ኒውትራል ቢላላ ወይም ቢበጠስ ቀላል ጭነት ባለበት ፌዝ ላይ ያሉት ዕቃዎች እስከ 380 ቮልት የሚጠጋ ሊደርስባቸው ይችላል። በአንድ ምሽት ፍሪጅና ቴሌቪዥን አብረው የሚቃጠሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ስለሆነ፣ ከመጠን ያለፈና ያነሰ ቮልት የሚቆርጥ መሣሪያ በማከፋፈያው ላይ መጨመር ይበጃል።

5. ምጣዱን ራሱን መመርመርና ማገናኘት

አገር ውስጥ የሚሠራው ምጣድ በአብዛኛው ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የተጠመጠመ የማሞቂያ ሽቦ፣ ከዚያም በታች የቆርቆሮ ሣጥን ያለው ነው። ሽቦው ባዶ ነው፤ ልባስ የለውም። ከጊዜ በኋላ ሲለጠጥና ሲንጠለጠል ቆርቆሮውን ሊነካ ይችላል፤ ሸክላው ከተሰነጠቀም ሊጥና ውኃ ወደ ሽቦው ይወርዳል። ስለዚህ ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ በቆርቆሮው ላይ ለመሬት ሽቦ የተዘጋጀ ብሎን መኖሩን፣ ከማሞቂያው ጋር የሚገናኘው ሽቦ ተራ ፕላስቲክ ሳይሆን ሙቀት የሚችል ልባስ ያለው መሆኑን፣ ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይም ጠርዙ እንዳይቆርጠው መከላከያ መደረጉን። የመሬት ብሎን የሌለው ምጣድ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛ።

ማገናኛው ከ16 አምፔር ሶኬት ይልቅ ለጭነቱ የሚበቃ፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያና ቋሚ ተርሚናል ቢሆን ይመረጣል። ማጥፊያው በእጅ የሚደረስበት፣ ነገር ግን ለማጥፋት በጋለው ምጣድ ላይ መንጠራራት የማያስፈልግበት ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ከዕቃ ማጠቢያውና ከእንፋሎቱም ይራቅ። ለሽቦው መቀጠያ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቋጠሮ ተቀባይነት የለውም፤ ቅጥያው ሁሉ በተርሚናል፣ ተርሚናሉም በሳጥን ውስጥ ይሁን። የላላ ብሎን በምጣድ መስመር ላይ ከቀጭን ሽቦ የማይተናነስ አደጋ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጋገራዎች በኋላ መስመሩን አጥፍቶ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ይገባል።

ሥራው ሲጀመር ዋናው ብሬከር ጠፍቶ ሌላ ሰው እንዳያበራው ይደረጋል፤ ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ካለም ይለያል። ባለሙያው ኮረንቲ አለመኖሩን በመለኪያ ያረጋግጣል፤ መለኪያውንም አስቀድሞ ኮረንቲ ባለበት ቦታ ይሞክረዋል። በጠመንጃ መፍቻ መልክ የተሠራው ባለ መብራት ቴስተር ለዚህ አይታመንም። አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ ቡናማው ለፌዝ፣ ሰማያዊው ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ለመሬት ይሁን፤ በቆየ ቤት ውስጥ ግን ቀለምን አምኖ ሽቦ መንካት አይገባም።

6. መፈተሽና በጽሑፍ መረከብ

ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት ባለሙያው አራት ፍተሻ ያድርግ። የመሬት ሽቦው ከዘንጉ እስከ ምጣዱ ቆርቆሮ ያልተቋረጠ መሆኑን፣ ዕቃዎቹ ተነቅለው በ500 ቮልት በሚለካው የልባስ ተቃውሞ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መገኘቱን፣ የመሬት ዘንጉን ተቃውሞና የመቁረጫውን ሥራ ያረጋግጣል። የመቁረጫው መሞከሪያ ቁልፍ መሥራቱ ብቻውን የመሬት ሽቦ መኖሩን አያሳይም፤ ሁለቱ በየራሳቸው ይፈተሻሉ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ እርስዎ ራስዎ በየጥቂት ወሩ ይጫኑት።

ውጤቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ቀኑ፣ የተለካው ቁጥር፣ የሽቦው ውፍረትና የብሬከሩ መጠን፣ የባለሙያው ስምና የማረጋገጫ ቁጥር፣ ፊርማውም ይኑርበት። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የቱቦውን አካሄድ ፎቶ አንሥተው ከወረቀቱ ጋር ያስቀምጡ። ሽቦውና ብሬከሩ የተገዙበት ደረሰኝም አይጣል።

7. ጉዳት ቢደርስ ማን ይጠየቃል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ለዚህ ጉዳይ ብዙ በር አለው። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያዝዛል፤ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ደንቡን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። አንቀጽ 2035 ደግሞ በሕግ በግልጽ የተወሰነን ድንጋጌ መጣስ ራሱ ጥፋት እንደሆነ ይናገራል። የመሬት ሽቦ ሳያስገባ የሄደ ኤሌክትሪሻን «ባለቤቱ አትጨምር ብሎኝ ነው» ብሎ ቢከራከር ጠንካራ መከላከያ የሚሆንለት አይመስለኝም፤ የሙያውን ደንብ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ባለሙያ ሆነው ይህን የሚያነቡ ሰዎች አሠሪው አላስፈላጊ ነው ያለውን የደኅንነት ሥራ ትተው መሥራት ሳይሆን ሥራውን አለመቀበል ይሻላቸዋል።

አሠሪው በበኩሉ በሠራተኛው ጥፋት መጠየቅ አለመጠየቁ በግንኙነታቸው ይወሰናል። ሠራተኛው በአሠሪው ሥልጣንና ትእዛዝ ሥር ያለ ተቀጣሪ ከሆነ በአንቀጽ 2130 መሠረት አሠሪው አብሮ ይጠየቃል፤ ነጻነቱን ጠብቆ የሚሠራ ተቋራጭ ከሆነ ግን አንቀጽ 2134 አሠሪውን ከዚህ ኃላፊነት ነጻ ያደርገዋል። በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ «ይህን እዚህ አድርግ፣ ያንን ተው» እየተባለ የሚሠራ ሰውና በጽሑፍ ውል ሥራውን የተረከበ ባለ ፈቃድ በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም።

የቤት ባለቤት ግን በዚህ ብቻ አያመልጥም። አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የሕንፃው አካል ነው የሚል ክርክር ከተጎጂ በኩል መቅረቡ የሚጠበቅ ነው። አዲስ ቤት ያሠራ ሰው ደግሞ ተቋራጩ በአንቀጽ 3039 መሠረት ለሥራው ደህንነት የ10 ዓመት ዋስትና እንዳለበት ሊያስታውሰው ይችላል።

የምጣዱ ሠሪም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለም። አንቀጽ 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎት ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሆኖም ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ኃላፊነቱ ይቀራል። የመሬት ብሎን የሌለውን ምጣድ አይቶ የገዛ ሰው በዚህ ሐረግ ሊሸነፍ ይችላል፤ በዚህ መመሪያ ቁጥር 5 ሥር የተዘረዘረው ምርመራ የደኅንነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥቅም ያለው ለዚህ ነው።

በጣም የሚያከራክረው የኪራይ ቤት ነው። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሦስትና አራት ተከራዮች ባሉበት ግቢ አንዱ ተከራይ አከራዩ ሳያውቅ ምጣድ ገዝቶ በመኝታ ቤቱ ሶኬት ላይ ቢሰካና ቤቱ ቢቃጠል፣ ጥፋቱ ወደ ተከራዩ ያመዝናል። አከራዩ ምጣዱን እያየና የመብራት ሒሳብ ላይ ለምጣድ ተጨማሪ እያስከፈለ መስመሩን ሳያስተካክል ከቆየ ግን «አላውቅም» ለማለት ይቸገራል። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግዴታ ስለሆነ፣ በዚያው ውል ላይ ምጣድ መፈቀድ አለመፈቀዱን፣ የተፈቀደበትን መስመርና በርክክብ ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ጨምሮ መጻፍ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ሰው ከሞተ ወይም ከቆሰለ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይሻገራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ይመለከታሉ፤ የሌላውን ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት ሰው ቅጣቱ ይከብዳል።

8. አደጋ በደረሰ ጊዜ

መጀመሪያ ዋናው ብሬከር ይጠፋል፤ ይህ ሳይሆን የተያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሌላ ተጎጂ ይጨምራል። ኮረንቲ ባለበት እሳት ላይ ውኃ አይረጭም። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 ነው፤ የመስመር ብልሽት ከቆጣሪው ወዲያ ከሆነ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በ905 ይነገራል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የተለመደ ስሕተት ማጽዳት ነው። የተቃጠለው ምጣድ፣ የቀለጠው መሰኪያና የጠቆረው ብሬከር እንዳሉ ይቆዩ፤ ፎቶ ይነሡ፤ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሪፖርት ቅጂ ይወሰድ፤ የቤት መድን ካለም ለመድን ድርጅቱ በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ። ጥገናው የሚጀመረው በዝርጋታው ላይ ያልተሳተፈ ሌላ ባለ ማረጋገጫ ባለሙያ መስመሩን አይቶ በጽሑፍ ካስቀመጠ በኋላ ነው። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ በሽምግልና ለመጨረስ የሚሞክሩ ወገኖች ድርድሩ ይህን ጊዜ እንዳይበላባቸው ቀኑን ከመጀመሪያው ሊይዙት ይገባል።